ከቁልፍ ርክክቡ በፊት ያልጠየቅኩት

ሁለተኛውን ቤት ከገዛሁ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች አዳራሽ ውስጥ ይከቡኛል። አንዱ ሻይ ያመጣልኛል፣ አንዷ ወንበር ትስብልኛለች። ጥያቄያቸው ሁሌም ያው ነው። ቤት ሲገዛ ገንዘቡ በማን እጅ ይቀመጣል? ውሉ የሚጸናው መቼ ነው? ቁልፉን የምረከበው በየትኛው ቀን ነው? እኔም አልሰስትም፣ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ስልካቸው ላይ ጽፈው፣ አመስግነው ይሄዳሉ። ቤቴ ስገባ ግን አንጀቴ ያርራል። ምክሬ አንድም ስሕተት የለበትም። አንዲት እናት ዘጠኝ ዓመት ከኖሩበት ቤት ይውጡ ወይስ ይቀመጡ የሚለው ጉዳይ በእኔ እጅ የወደቀው ግን ይህንኑ ምክር ነጥብ በነጥብ ስከተል ነው።

ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ መንከባከብ ነው። ገላ አጥባለሁ፣ ካልሲ አጠልቃለሁ፣ መድኃኒት አስውጣለሁ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ እዚህ ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ አጠገብ የምንኖርባትን የካውንስል፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤት አፓርታማ ዋጋው ሳይሰቀል ገዝተናት ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ መንቋቋት ጀመረ፤ ጡረታዬን ሳስበው ጨነቀኝ። በአፓርታማዋ ላይ ከባንክ ተበድሬ ሌላ ትንሽ ቤት ልግዛና ላከራይ ብዬ ወሰንኩ። የባንኩ ቅጽ ላይ ኢንቨስተር የሚል ስም ወጣልኝ። ሴት ልጄ ይህን ስታነብ ሳቋን ማቆም አቃታት።

ሻጩ የራሳችን ሰው ነው። ባለቤቴ ሲያርፍ አዳራሽ የተከራየው፣ ወንበር ያስመጣው፣ ሦስት ቀን ሙሉ በር ላይ ቆሞ ለቀስተኛ ያስተናገደው እሱ ነበር። ሦስት አራት ቤት እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። ዊልስደን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለችውን ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ መሸጥ እንደሚፈልግ ነገረኝ። "ኤጀንት ምን ያደርግልናል እህቴ፣ እኛው በእኛው እንጨርሰው" ሲለኝ እሺ አልኩ። ለባለቤቴ ለቅሶ ሦስት ቀን የቆመን ሰው እንዴት ብዬ እጠረጥራለሁ።

ቤቱን ያየሁት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ደረጃው ላይ ስንደርስ ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አክስቴ አሉ፤ ለጥቂት ጊዜ እዚህ አርፈው ነው። ስለ ሽያጩ እንዳታነሺባቸው፣ ሐሳብ ይገባቸዋል" አለኝ። በሩን የከፈቱልን ሰባውን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ጥቁር ሹራብ የለበሱ እናት ናቸው። ጉንጬን ሦስት አራት ጊዜ ሳሙኝ። እማማ አልኳቸው፣ ልጄ አሉኝ፤ ሌላ መተዋወቅ አላስፈለገንም። ሻይ በቅርንፉድ አፈሉልን፣ ዳቦ ቆረሱልን። ሰውዬው ግድግዳና መስኮት ሲያሳየኝ እሳቸው ከኋላችን "ይቺ መስኮት በብርድ ጊዜ ታስቸግራለች፣ ሥሯ ፎጣ ያስፈልጋታል" እያሉ ይከተሉናል።

እዚህ ላይ ራሴን ልክሰስ። የሰው ቤት ገብቶ ማየት እንጀራዬ ነው። አምስት ደቂቃ ከበቃኝ ማን እንደሚኖር፣ ምኑን እንደሚያመው፣ ምን እንደሚበላ አውቃለሁ። ኩሽናው መደርደሪያ ላይ የሳምንቱ ቀናት የተጻፉበት የመድኃኒት ሳጥን አየሁ። መስኮቱ ላይ በእርጎ ጣሳ የተተከለ ጤና አዳም አየሁ፤ ግንዱ ወፍሮ እንጨት ሆኗል። መታጠቢያ ቤት ስገባ ገንዳው አጠገብ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ተገጥሟል። ለጥቂት ጊዜ ላረፈ እንግዳ ግድግዳ አይበሳም። ይህን ሁሉ ዓይኔ አይቷል። "እማማ፣ የሚኖሩት እዚህ ነው? መቼ ነው የሚሄዱት?" ማለት ሲገባኝ ሻዬን ጠጥቼ ስለ ዳቦው አመሰገንኩ።

እንግዳን መቼ ትሄዳለህ ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ውጣልኝ ከማለት አይተናነስም። እንግዳው ሽማግሌ ወይም አሮጊት ሲሆኑ ደግሞ ይብሳል። በቀን ስድስት የእንግሊዝ አሮጊቶችን ሽንት መጣ ወይ እያልኩ የምጠይቅ ሴት፣ ያችን አንድ ጥያቄ ለአንዲት ያገሬ እናት ማንሳት አቃተኝ። ይሉኝታ አፌን ያዘው። ሰውዬውም ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ያንን ግን የደረስኩበት በኋላ ነው።

ሶሊሲተሬ፣ ማለትም የቤት ግዢውን የያዘችልኝ ጠበቃ፣ ከልጄ ብዙ የማትበልጥ እንግሊዛዊት ናት። ለእያንዳንዷ ደብዳቤ ታስከፍላለች፣ ስልክ ላይ ቶሎ ቶሎ ታወራለች፤ ሥራዋን ግን ታውቃለች። ሻጩ የሞላው ቅጽ እንደደረሳት ደወለችልኝ። ቤቱ ውስጥ ከአሥራ ሰባት ዓመት በላይ የሆነ ማን ይኖራል ለሚለው ጥያቄ "ማንም" ብሎ ጽፏል።

"ቤቱን ስታዪ ሰው ነበረበት?" አለችኝ።

"አንድ እንግዳ ነበሩ። አክስቱ ናቸው።"

"እዚያ የሚኖሩ ከሆነ ለቅቀው እንደሚወጡ ውሉ ላይ እሳቸውም መፈረም አለባቸው። መቼ እንደሚሄዱ ጠይቀሻቸዋል?"

"እሱ አይጠየቅም" አልኳት።

"ለምን አይጠየቅም?"

ምን ብዬ ላስረዳት። ዘመድ ናቸው፣ ለጥየቃ ነው የመጡት፣ እኔ አውቃለሁ አልኳት። እሷም ያልኳትን በኢሜይል ጽፋ ላከችልኝና ትክክል መሆኑን መልሼ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። ጻፍኩላት። ዛሬ ያችን ኢሜይል ሳስባት ጥርሴን እነክሳለሁ። ጠበቃ አንድን ነገር በጽሑፍ አረጋግጪልኝ ስትል ጭነቱን ከራሷ ትከሻ አንስታ እናንተ ትከሻ ላይ እያስቀመጠች ነው። እሺ ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ሄዳችሁ እዩ፣ ካያችሁም ጠይቁ። ይህን ምክር አዳራሽ ውስጥ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለምን እንደሆነ ከተባልኩ ታሪኩን መጨረስ ሊኖርብኝ ነው።

በገንዘቡ በኩል ግን የሚያክለኝ ጠንቃቃ አልነበረም። ሰውዬው "ቤቱን ለሌላ ሰው እንዳላሳይ ትንሽ ቀብድ ቢጤ በእጄ ስጪኝ" ሲለኝ እምቢ አልኩት። አገር ቤት ቀብድ የበላ ሻጭ ሐሳቡን ከቀየረ እጥፉን ይመልሳል። እዚህ ግን ሁለቱ ጠበቆች የተፈረመውን ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ማንም በማንም አይታሰርም። ያ ቀን ኤክስቼንጅ ይባላል። ከዚያ በፊት በእጅ የሰጣችሁትን ለማስመለስ መከራችሁን ነው የምታዩት። አሜሪካ ያለ አንድ ዘመዴ እዚያ ገንዘቡን መሀል ሆኖ የሚይዝ ሌላ ወገን እንዳለና ኤስክሮ እንደሚባል ነግሮኛል። እዚህ ያንን የሚሠራው ጠበቆች የደንበኛ ገንዘብ ለብቻው የሚይዙበት ሂሳብ ነው። የእኔም ዲፖዚት፣ ማለትም ቀብዱ፣ እዚያ ገባ፤ ቁልፍ እስክረከብ ሻጩ እንደማይነካው ውሉ ላይ ተጻፈ። የሂሳብ ቁጥሩን በኢሜይል አልተቀበልኩም፤ ቢሮዋ ድረስ ሄጄ በወረቀት ወሰድኩ። መጀመሪያ ትንሽ ልኬ መድረሱን በስልክ ካረጋገጥኩ በኋላ ነው ቀሪውን የላክሁት። ሌቦች በኢሜይል መሀል ገብተው ቁጥር ሲቀይሩ ስንቱን ባዶ እንዳስቀሩት ሰምቻለሁ። ቤቱንም ከኤክስቼንጅ ቀን ጀምሮ ኢንሹራንስ አስገባሁት፤ ከዚያ ቀን በኋላ ቢቃጠል የሚቃጠለው የእኔው ነው። ለእያንዳንዷ ሳንቲም ዘበኛ አቁሜ፣ ኩሽናው ውስጥ ስለቆሙት እናት ዝም አልኩ።

ቀሪው ገንዘብ ተከፍሎ ቁልፍ የሚረከቡበት ቀን ኮምፕሊሽን ይባላል። የእኔው ከኤክስቼንጅ ሁለት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ ላይ ዋለ። ዓርብ አይሁን ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ፤ ዓርብ ባንክ ከዘገየ ሰው ቅዳሜና እሑድን ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ያሳልፋል። ውሉ ላይ ቤቱን ባዶውን እንደምረከብ፣ ማለትም ሰውም ዕቃም እንደማይኖርበት ተጽፏል። ያን ቀን ጠዋት ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት ባዶ መሆኑን በዓይኔ ልይ ብዬ ተነሣሁ። ይህንን ለሁሉም ሰው እመክራለሁ፤ ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ቢጮኹ የሚሰማ የለም። ጠበቃዋን "ደውዬ እስክነግርሽ ድረስ አትልቀቂው" ብያት አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደወሉን ተጫንኩ። እማማ ከፈቱልኝ፤ ሽሮ እየሠሩ ነበርና ማማሰያው እጃቸው ላይ ነው። "እንኳን መጣሽ ልጄ፣ ዛሬስ ብቻዬን ልበላ ነው ብዬ ነበር" አሉኝ። ከኋላቸው ኮታቸው እንደተሰቀለ ነው፣ ምንጣፉ እንደተነጠፈ ነው። የታሰረ ሻንጣ የለ፣ ካርቶን የለ።

እግሬ ደጃፉ ላይ ቀረ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቅኳቸው።

"እማማ፣ እዚህ ቤት ስንት ጊዜ ሆነዎት?"

"ለፍልሰታ ዘጠኝ ዓመት ይሞላኛል።"

"የእሱ አክስት ነዎት?"

ሳቁ። "የምን አክስት ልጄ፤ አከራዬ ነው እንጂ። በወሩ መጀመሪያ እሑድ እየመጣ ኪራዩን ይወስዳል። የአክስቱ ልጅስ አንቺ ነሽ፤ ያን ዕለት ለጥየቃ ያመጣኋት ዘመዴ ናት ብሎኛል።"

"ምን ልትሠሪ መጣሽ ብለው አልጠየቁኝም እኮ" አልኳቸው።

"እንግዳ እንደዚያ ይባላል እንዴ?"

ደሜ ፈላ። ሰውዬው ለእኔ እሳቸውን እንግዳ አድርጎ፣ ለእሳቸው እኔን እንግዳ አድርጎ፣ ሁለታችንን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሻይ አጠጥቶናል። አንዳችን አንዷን ጥያቄ ብንወረውር ኖሮ ነገሩ እዚያው ይፈርስበት ነበር። ቅንጣት አልፈራም። እንደማንጠያየቅ ያውቃል። ሐሰተኛ ሰነድ አላስፈለገውም፣ ምስክር አልገዛም። እናቶቻችን ያሳደጉንን ጨዋነት ወስዶ መነገጃ አደረገው። ሰው በገንዘቤ ቢያታልለኝ ይቆጨኛል፣ ውሎ አድሮም ይለቀኛል። በአስተዳደጌ የገባብኝን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ይለኝ ነበር።

"መጣሁ እማማ፣ ስልክ ልደውል" ብያቸው ወደ መንገድ ወጣሁ። መጀመሪያ ለጠበቃዋ ደውዬ ገንዘቡን ያዢ አልኳት። ቀጥሎ ለሰውዬው ደወልኩ። ዓይኑን በጨው አጥቦ "ምን ያስቆጣሻል እህቴ? ዛሬ ከሰዓት በኋላ መኪና ይዤ መጥቼ አወጣቸዋለሁ። አንቺ ብቻ ገንዘቡን አስለቅቂ" አለኝ።

"ወዴት ነው የምታወጣቸው?"

"ሰው አላቸው።"

"አክስትህ አይደሉም እንዴ? ሰዋቸው አንተ አይደለህም?"

"እንደ አክስቴ ናቸው ለማለት ነው። ደግሞ ውል የላቸውም፣ ወረቀት የላቸውም። እኔ እኮ በደግነት ነው ያስቀመጥኳቸው" አለኝ።

በየወሩ ኪራይ እየተቀበለ፣ በደግነት። ዊልስደን ዋናው መንገድ ላይ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ሥር ቆሜ፣ በዕድሜዬ ለሰው ተናግሬ የማላውቀውን ሁሉ ተናገርኩት። የገበያ ጋሪያቸውን የሚጎትቱ አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው አዩኝ። ስለ ባለቤቴ ለቅሶ ሳይቀር አነሣሁበት፣ የቆምክባቸውን ሦስት ቀናት ዛሬ አስከፈልከኝ አልኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝና "ስትረጋጊ ደውዪልኝ" ብሎ ዘጋው። መረጋጋትን ደግሞ ሊያስተምረኝ።

ደረጃውን ተመልሼ ወጣሁ። እማማ ሁለት ሰሃን አቅርበው ሽሮውን አውጥተዋል። ለምን በጠዋት እንደመጣሁ፣ ማን ላይ እንደጮኽኩ አልጠየቁኝም፤ መስኮታቸው ወደ መንገዱ ስለሆነ ሳይሰሙ አልቀሩም። "በደህና ነው?" ብቻ አሉኝ። በደህና ነው አልኳቸው። ተቀምጬ በላሁ። ስለ ቤቱ አጫወቱኝ፤ ሃያ ዓመት ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ እንደወጡ፣ በአራት የጋራ ቤት ተንከራተው እዚህ ሲገቡ በሩን ከውስጥ ቆልፈው ሙሉ ቀን እንደተኙ። መያዣ ብረቱን ወድቀው ወገባቸውን ከተጎዱ በኋላ ከጡረታቸው ቆጥበው እንዳስገጠሙት ነገሩኝ። ቤቱ እንደተሸጠ ያወቅነው እኔና ሻጩ ነን፤ እኔም ሽሮአቸውን እየበላሁ አልተነፈስኩም። በባዶ ሆዳቸው አላስደነግጣቸውም ብዬ ነበር የጀመርኩት። ከበላን በኋላ ደግሞ ሌላ ምክንያት አገኘሁ።

ከሰዓት በኋላ ጠበቃዋ ሕጉን አስረዳችኝ። ባዶ ቤት ሊያስረክብ የፈረመው ሻጩ ስለሆነ ጥፋቱ የእሱ ነው። የአሥር የሥራ ቀን ማስጠንቀቂያ ይላክለታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቤቱን ባዶ ካላደረገ ውሉን ማፍረስ እንችላለን፣ ዲፖዚቴ ይመለሳል፣ የባከነውንም ወጪ እንጠይቀዋለን። "አትጨነቂ፣ አንቺ ተጠብቀሻል" አለችኝ።

"እሳቸውስ?"

"እሳቸው የእኔ ደንበኛ አይደሉም።"

ይህች መልስ ስታበግነኝ ሰነበተች። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፣ እውነቷን ነው። ያ ሁሉ ቅጽ፣ ያ ሁሉ ፊርማ፣ ለገንዘቡ ብቻ የተለየ ሂሳብ፣ የሚጠብቀው ገዢንና ሻጭን ነው። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ያደሩት ሰው በየትኛውም ገጽ ላይ የሉም። አንድ ቦታ ነበረች የሚጻፉባት፣ እሷም "ማንም" ተብላ ተሞላች፤ እኔም ልክ ነው ብዬ በኢሜይል አጸናሁት።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት። እዚሁ ለንደን የተወለደች ናት፤ አማርኛዋ ውስጥ አንቱታ የለም፣ ይሉኝታም የለም። ሹካዋን አስቀመጠች። "ማሚ፣ ሺ ኢዝ ኤ ቴናንት። ተከራይ ናት። ወረቀት ባይኖራትም ሬንት ከከፈለች ራይት አላት። ያለ ፍርድ ቤት ማንም ሊያስወጣት አይችልም። ጀስት ቴል ኸር።"

"ብነግራቸውና ባይወጡስ?"

"አትወጣማ። ቤቱ ይቅራ።"

ለእሷ እንዲህ ቀላል ነው። የተከራዮችን መብት የሚያስረዳ ገጽ ፈልጋ አተመችልኝ። እኔም ጀርባው ላይ በትልልቁ በአማርኛ ጻፍኩበት፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንም ሊያስወጣዎት አይችልም፣ በዚህ ስልክ ይደውሉ ብዬ። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ልጄ ቀጥላ "እዚያው ብትቀመጥና ላንቺ ብትከፍልስ?" አለችኝ። የሚከፍሉት ኪራይ የባንኩን ወለድ እንኳ እንደማይሸፍን፣ ባንኩም ቤቱ ባዶ ካልሆነ ብድሩን እንደማይለቅ ነገርኳት። ባንኩን ግን ደውዬ አልጠየቅኩትም።

ወረቀቱን ይዤ ዞርኩ። ሐሙስ ሥራ በዛብኝ። ዓርብ ዘነበ። ቅዳሜ ዊልስደን ድረስ ሄጄ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ መስኮታቸውን አይቼ ተመለስኩ። በየቀኑ ሰውዬውን እረግማለሁ። ካልሲ እያጠለቅኩ እረግመዋለሁ፣ አውቶቡስ ላይ እረግመዋለሁ፣ ሰሃን ሳጥብ እረግመዋለሁ፤ እሱን ስረግም አንድ ሥራ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሻማ ሲያበራ አየሁትና ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣሁ። አዳራሹ መሀል ቆሜ ጉዱን ልዘረግፈው አሰብኩ። ግን ከጨረስኩ በኋላ አንድ ሰው ቢነሣና አንቺስ ምን አደረግሽላቸው ቢለኝ የምመልሰው አልነበረኝም። የሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ ሄደ። ሥራዬ ላይ አንዲት እንግሊዛዊት እናት ምን ሆነሻል ብለው ቢጠይቁኝ ጉልበቴን ነው አልኳቸው።

በዘጠነኛው የሥራ ቀን ጠዋት ጠበቃዋ ደወለች። ሻጩ በማግስቱ ቤቱን ባዶ እንደሚያስረክብ አረጋግጧል፤ ለክፍያው ልዘጋጅ ወይ አለችኝ። "ሄጄ ልየው" አልኳትና ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የምላቸውን ስለማመድ ሄድኩ። ዛሬ ካልነገርኳቸው ሌላ ቀን የለም።

በሩ ገርበብ ብሏል። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፣ ካርቶኖቹ በገመድ ታስረዋል። ኩሽናው ታጥቦ ያብለጨልጫል፤ የምድጃው ጀርባ ሳይቀር ተፈግፍጓል። እማማ ኮታቸውን ለብሰው አንዱ ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል። ሼፈርድስ ቡሽ የምትኖር የድሮ የሥራ ጓደኛቸው ሳሎኗ ውስጥ ሶፋ እንደምትለቅላቸው ነገሩኝ። "ለጊዜው ነው" አሉ።

"እማማ" አልኩ። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ወረቀቱን ይዤዋለሁ።

"አውቃለሁ ልጄ፣ ነግሮኛል" አሉኝ። "ቤቱን የገዛሽው ለልጅሽ እንደሆነ፣ ሠርጓ እንደደረሰ ነግሮኛል። ምነው ያን ጊዜ ሻይ ስንጠጣ ብታነሺልኝ? እኔ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር የምለቅላት። ልጅ ልትዳሪ አይደለም እንዴ።"

ልጄ የታጨችለት ሰው የለ፣ የታሰበ ሠርግ የለ። ዋሽቶዎታል፣ አይውጡ። ይኸው ነበር የሚጠበቅብኝ፤ አፌ ላይ ደርሷል። ከታች ሊወስዳቸው የመጣው መኪና ክላክስ ጮኸ። እማማ ካርቶኑን ተደግፈው ሊነሡ ሲታገሉ አየሁና እጄን ከቦርሳዬ አወጣሁ። በየቀኑ እንደማደርገው አንድ እጄን በብብታቸው፣ አንዱን በወገባቸው አድርጌ ቀስ ብዬ አነሣኋቸው።

"ራዲያተሩ አየር ሲይዝ ይጮኻል፣ እንዳትደነግጥ ንገሪያት" አሉኝ። ከቁልፎቻቸው መሀል አንዱን አውልቀው መዳፌ ላይ አስቀመጡ፤ ግንባሬንም ሳሙኝ።

"ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። እዚሁ ቤት ወልዳ ስማ ለማየት ያብቃሽ።"

"አሜን" አልኩና ቁልፉን ጨበጥኩ።